ስትቆም የምትግል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሲንስ ወደብ ዳር፣
ሰርዲን እጭናለሁ ከበረዶው ጋር።
ከኋላዬ ክረምት፣ ከፊቴ በጋ ነው፣
መሪ ነው መሐል ላይ እኔን ያስቀመጠው።

ቫኗ አርጅታለች። ባሌ ሲገዛት ነጭ ነበረች፣
ዛሬ የአጫሽ ጥርስ መሰለች።
ሞተሯን አላጠፋም ከየመንደሩ ስቆም፣
ካጠፋኋት መልሶ ማስነሣት አይታሰብም፤
ስለዚህ እሷ እያጓራች እኔ ዓሣ እመዝናለሁ፣
ባንድ ዓይኔ ሚዛኑን፣ ባንዱ የሙቀት መርፌዋን አያለሁ።

በጁላይ አጋማሽ ነው መርፌዋ የባለገች፤
አልቫላዴ ስደርስ ቀዩን መስመር ነካች።
ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ፤
ወረፋው ተበተነ፣ ድመት ብቻ ቀረ፣ ጠባቂ የዓሣ።

ሰው ሁሉ ሐኪም ነው የሰው መኪና ሲታመም።
የመሸታ ቤቱ ኤውዜቢዮ «ውሃ ጠማት» አለ፣ ሳይነሣ ከወንበሩም።
«ጋርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ነዷል» አለ ጡረተኛው የባቡር ሾፌር፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ መርዶ እንደሚናገር።
ያክስቴ ልጅ ግን «ሽጫት» ነው መድኃኒቱ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ጸሎቱ።

የቀለጠው በረዶ ከኋላ በር ሥር ሲንጠባጠብ አየሁ፣
ባልዲ ደገንኩለት፣ ራዲያተሩ ውስጥ ላፈሰው ቃጣሁ።
ፈሊስሚና እጄን ያዘች፤ «የዓሣ ውሃ ጨው ነው፣ ልጄ፣ ብረት ይበላል» አለች፣
ከጓሮ ጉድጓዷ ሁለት ባልዲ ቀዳች።
ክዳኑን ቶሎ አልከፈትኩም፤ እስኪበርድ ጠበቅሁ፤
ባሌ ክንድ ላይ የእንፋሎትን ጽሑፍ ሃያ ዓመት አንብቤአለሁ።

ከዚያ በቀስታ ነዳሁ። ማሞቂያውን ከፈትኩት፣ በዚያ ዋዕይ፣
ትኩሳቷን ተካፈልኩላት፣ ፊቴ ቲማቲም እስኪመስል ድስት ላይ።
መርፌዋ ወረደች። በሜዳው፣ በቡሽ ዛፎቹ መካከል፣
ነፋሱ በአፍንጫዋ ገባ፣ ምንም ያልነካት እስክትመስል።
ቆምኩ፤ ወጣች። ሄድኩ፤ ወረደች። ደግሜ ቆምኩ፤ ወጣች።
በዚያች ገላጣ መንገድ ሕመሟን ራሷ ተረከች።

(«አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ ስትቆሚ ነው የምትቃጠዪው» ቢሉኝ፣
ውሸት ነው። እኔ ስቆም እንቅልፍ ነው የሚጥለኝ።)

ዘፈሪኖ ከጋራዡ ወጣ፣ በእጁ የበላበት ሹካ፤
«መቼ ነው የምትግል?» አለኝ፣ ኮፈኑን ገና ሳይነካ።
«ስቆም።»
«ስትሄጂስ?»
«ትበርዳለች።»
ሹካውን ደረት ኪሱ ከተተ፦ «እንግዲያ ፋኗ አኩርፋለች።»

የፋኑን ክንፍ በጣቱ ገፋ፤ ዞረለት፣ አልነከሰም።
ፊውዙን አወጣ፣ ለፀሐይ አሳየው፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ከራዲያተሩ ጎን አውራ ጣት የምታክል ዘበኛ አለች፣
ውሃው ሲግል ፋኑን «ተነሥ!» ልትል ነበር የተቀጠረች።
ሁለት ሽቦዎቿን ነቀለ፣ በሹካው ጥርስ አገናኛቸው፤
ፋኑ አገሳ! ገለባና የሞቱ ንቦች ፊታችን ላይ ዘራቸው።

«ዘበኛዋ ሞታለች» አለ። «አዲሷ ሐሙስ ትመጣለች።»
«ዓሣ ሐሙስን አያውቅም» አልኩት። ሚስቱ ከመስኮት ትሰማለች።
ቤት ገብቶ የራስጌውን መብራት ማብሪያ ቆርጦ መጣ፤
እሷ ጮኸች፣ እሱ አልሰማም፤ ሽቦውን በመሪዬ ሥር አወጣ።

አሁን እኔ ነኝ ዘበኛዋ። መርፌዋ ከግማሽ ስታልፍ፣
ጠቅ።
ትንፋሿን ትስባለች። ስትወርድ፣ ጠቅ፣ እንድታርፍ።

ሐሙስ መጣ፤ ዕቃዋም መጣች፤ በመሳቢያዬ ተኛች፣
እስካሁን ከነወረቀቷ፣ ከነዋጋዋ አለች።

ጥሩምባዬን መንፋት ተውኩ። መንደር ስገባ ማብሪያዋን እነካለሁ፤
ፋኑ ሲያጉረመርም ድመቶቹ ከየአጥሩ ሲዘሉ አያለሁ፤
ከድመቶቹ ኋላ ፈሊስሚና፣ ሳህኗን ክንዷ ሥር አስገብታ፣
«ትኩሳቷስ?» ትለኛለች፣ ሰርዲኑን ሳታይ፣ ከደጇ ወጥታ።